የእንቁላል ጉዞና የዕውቀቱ ታሪክ

በየወሩ ከእንቁላል እጢ የምትለቀቀው፣ ስፋቷ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው የሴት እንቁላል በራሷ መንቀሳቀስ ስለማትችል፣ የማህፀን ቱቦ እንደ ጣት በተዘረጉ ጫፎቹ ተቀብሏት፣ ውስጡን በሸፈኑት ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላትና በጡንቻው መኮማተር ወደ ማህፀን ይገፋታል፤ ከወንድ ዘር ጋር የምትገናኘውም በዚሁ ቱቦ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ገብርኤሌ ፋሎፒዮ ቱቦውን በ1561 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ቢገልጽም፣ የአጥቢ እንስሳት እንቁላል ማንነት የተረጋገጠው ካርል ኤርንስት ፎን ቤር በ1827 ከውሻ የእንቁላል እጢ ያወጣትን ቢጫ ነጥብ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ነው። በ1978 ደግሞ እንቁላሏን ከእጢው ወስዶ በቤተ ሙከራ ከወንድ ዘር ጋር በማገናኘትና ፅንሱን በማህፀን በማኖር፣ ማለትም ቱቦውን ጨርሶ በመዝለል፣ በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወለደች።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ይህን በቤተ ሙከራ የማዳቀል ሕክምና በ2011 ዓ.ም. የጀመረው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲሆን፣ በስለትና በጠበል ልጅ ሲለምኑ ለኖሩ ባለትዳሮች ሁሉ ሌላ ተስፋ ጨምሯል። እንቁላሏ ከወንድ ዘር ጋር እንዳትገናኝ የሚያግደው የቱቦ መዘጋት በሕክምና የሚታወቅ፣ መፍትሔም ያለው ችግር መሆኑን ማወቅ፣ በመካንነት ስትወቀስ ለኖረች ሴት ክብሯን የሚመልስ ዕውቀት ነው።