ለክፉ ቀን የተቀመጠ ኃይል

አስተዋይ ገበሬ በጥጋብ ዘመን ከምርቱ ጥቂቱን ለይቶ በጎተራው ያኖራል፤ ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ግን «ይህ ሁሉ እህል ሳይበላ ለምን ተቀመጠ?» ብሎ ይደነቅ ይሆናል። ክቡራን አንባብያን፤ ዛሬ የምንናገርለት መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያም እንደዚሁ ነው። ከዓመቱ ብዙውን ቀን ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ቢሆንም ወጪና ጠባቂ ይፈልጋል። ጥቅሙ የሚታወቀው ሌሎቹ ሁሉ በወደቁበት ሰዓት ነው። ይህንንም የኒውዮርክ ከተማ በ12 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በጨለማ ተምራዋለች።

የመጀመሪያው ጨለማ የደረሰው ጥቅምት 30 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ነው። ከቀኑ በ11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ፣ በካናዳ በናያጋራ ወንዝ ዳር በሚገኘው በሰር አዳም ቤክ ጣቢያ፣ ሪሌ የተባለው መስመር ጠባቂ መሣሪያ ኃይል ወደ ቶሮንቶ ከሚወስዱት አምስት መስመሮች አንዱን ቆረጠው። መሣሪያው የተስተካከለው መስመሩ ሊሸከም ከሚችለው በታች በሆነ ልክ ነበርና፣ አደጋ ሳይኖር አደጋ የመጣ መሰለው። የዚያም መስመር ጭነት በቀሩት በአራቱ ላይ በወደቀ ጊዜ እነርሱም ወዲያው ተቆረጡ። መንገድ ያጣው ኃይል እንደ ደራሽ ውሃ ተመልሶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኒውዮርክ ግዛት ጎረፈ፤ ጣቢያዎቹም ራሳቸውን ከጉዳት ለማዳን አንዱ ከሌላው እየተለየ ቆሙ። ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያለ መብራት ቀረ። በኒውዮርክ 800,000 የሚያህል መንገደኛ ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር መንገድ ላይ ተያዘ፤ ጨለማውም በአንዳንድ ስፍራ እስከ 13 ሰዓት ቆየ።

«የቆመውን ሞተር መልሶ ማስነሣት ምን ይገዳል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የነገሩ ቁልፍ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። በእንፋሎት የሚሠራ ታላቅ ጣቢያ እርሱ ራሱ ኤሌክትሪክ ካላገኘ አይነሣም፤ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ፣ አየር የሚነፋው ማራገቢያ፣ ነዳጅ የሚያቀርበው መሣሪያ ሁሉ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነውና። እሳት የጠፋበት ቤት ከጎረቤት ፍም ይጭራል፤ የመንደሩ ምድጃ ሁሉ በአንድ ሌሊት ከጠፋ ግን ፍም ከማን ይገኛል? በዚያች ሌሊት በኒውዮርክ የሆነው ይህ ነበር። ይልቁንም 1 ሚሊዮን ኪሎ ዋት እንዲያመነጭ በሬቨንስውድ ጣቢያ የተተከለው አዲሱ ታላቅ ተርባይን፣ ዘይት የሚያደርሰው ፓምፕ ኃይል በማጣቱ፣ ገና በመሽከርከር ላይ ሳለ ኩሽኔታዎቹ ተጎዱበት።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶቹ ምክራቸውን አጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ1968 የኤሌክትሪክ ድርጅቶቹ ስለ መስመሮቻቸው ደኅንነት በጋራ የሚመክር ጉባኤ አቋቋሙ። የአውሮፕላን ሞተርን የሚመስሉ፣ እንፋሎት የማይፈልጉና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚነሡ የጋዝ ተርባይኖችም ተተከሉ፤ በብሩክሊን የባሕር ዳር በሚንሳፈፉ ጀልባዎች ላይ ሳይቀር ተደረደሩ። እነዚህ ለክፉ ቀን የተቀመጡ ፍሞች ነበሩ።

ክፉው ቀንም መጣ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1977፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ከከተማው በስተ ሰሜን መብረቅ ታላላቆቹን መስመሮች መታ። የኮንሶሊዴትድ ኤዲሰን ኩባንያ ሠራተኞች ፈጥነው የሚነሡትን መኪናዎች ለማስነሣት ሞከሩ፤ ነገር ግን በጣቢያው ሰው አልነበረም፤ ከሩቅ ሆኖ ለማስነሣት የተደረገው ሙከራም አልሠራም። በ3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ላይ ከተማዪቱ ጨለመች፤ መብራቱም ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 25 ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ1,600 የሚበልጡ ሱቆች ተዘረፉ ወይም ተሰባበሩ፤ ከ1,000 የሚበልጥ የእሳት ቃጠሎ ተነሣ፤ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎችም ተያዙ። በ1958ቱ ሌሊት ግን ሕዝቡ በአብዛኛው በሰላም ተረዳድቶ አድሮ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ሌሊቶች እናመዛዝን። በመጀመሪያው ሌሊት የጎደለው መኪና ነበር፤ በሁለተኛው ሌሊት ግን መኪናው ተገዝቶ፣ ተተክሎ፣ ነዳጁም ተዘጋጅቶ ሳለ የጎደለው በአጠገቡ የሚተጋ ሰው ነው። ጎተራ ብቻውን ከረኃብ አያድንም፤ እህሉ ነቀዝ እንዳይበላው የሚያገላብጥ እጅ ያስፈልገዋል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን ከሁሉ የሚበዛው ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከወንዞቻችን ነውና፣ በ1995 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት የግድቦቹ ውሃ ባነሰ ጊዜ መብራት በፈረቃ መታደሉን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በቃሊቲ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ በናፍጣ የሚሠሩ ጣቢያዎች መተከላቸውም እንዲህ ያለውን ጊዜ ለመሻገር ይረዳል። ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፤ ጸጥ ብሎ የቆመ መኪና አይተን «ሥራ ፈት ነው» ለማለት አንቸኩል፤ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይገጥመው ያነጋውን ዘበኛ «ደመወዙን በከንቱ በላ» የሚለው የለምና። ልንጠይቅ የሚገባን ሌላ ነው፤ ይኸውም «ዛሬ ማታ ቢጠራ ይነሣልን? ጥሪውንስ የሚሰማ ሰው በአጠገቡ አለን?» የሚለው ነው።