ፉኬት፤ ቆርቆሮዋና ጐብኚዎቿ

ስለ ፉኬት የሚጻፉ የጐብኚ መምሪያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ነጭ አሸዋ አለ ይላሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይበት ፕሮምቴፕ የሚባል የባሕር ዳር ገደል አለ፤ ሰው ጉንጩን በብረት ወግቶ የሚሰለፍበት በዓል አለ፤ ቀለማቸው ያሸበረቀ አሮጌ ቤቶች አሉ፤ ዋት ቻሎንግ የተባለ የቡዳ ገዳም አለ፤ በኩሬዎች የተከበቡ ትላልቅ ሆቴሎች አሉ። ሁሉም እውነት ነው። እኛ ግን በዚህች ጽሑፍ ልንል የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእነዚህ አብዛኞቹን ለዛሬው ጐብኚ ያቆየለት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ሳያውቅ ፉኬትን አየሁ የሚል ሰው፣ ሠርግ ቤት ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ሙሽራዋን ሳያይ እንደወጣ ሰው ነው።

ቆርቆሮ ስንል ታዲያ ጣሪያ የምናለብሰውን ማለታችን አይደለም። እሱ ስሙን ተውሶ ነው እንጂ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። እዚህ የምንናገረው ስለ ማዕድኑ ነው፤ የምግብ ጣሳን ከዝገት ስለሚጠብቀው፣ የሬዲዮን ሽቦ ከሽቦ ስለሚያጣብቀው ለስላሳ ብረት። ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሰጠን ልብ ይባልልን።

ፉኬት የታይላንድ ትልቋ ደሴት ናት፤ ራሷን ችላ አንድ ክፍለ ሀገር ሆናለች። ስፋቷ 540 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምዕራባዊ ጠረፏ የአንዳማንን ባሕር ይመለከታል፤ ፓቶንግ፣ ካሮን፣ ካታ የሚባሉት ስመ ጥር የባሕር ዳርቻዎች ያሉት በዚሁ በኩል ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሞንሱን ነፋስ ማዕበሉን ስለሚያስነሣው ያን ጊዜ መዋኘት አደገኛ ነው። በስተሰሜን በማይ ካው አሸዋ ላይ የባሕር ዔሊዎች ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ቦታው ከ1981 ጀምሮ የተጠበቀ ፓርክ ነው። መሐል አገር ደግሞ ካው ፕራ ቴው የሚባል ጥብቅ ደን አለ፤ የቅጠሉ ጀርባ ነጭ የሆነ ብርቅ የዘንባባ ዓይነት ይገኝበታል። ስለ ተፈጥሮዋ ይህን ካልን ይበቃል፤ ቁም ነገሩ ያለው ከአፈሩ ሥር ነው። ከበርማ ተነሥቶ በማላይ ልሳነ ምድር በኩል እስከ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚወርድ የግራናይት ድንጋይ መቀነት አለ። ዝናቡ ግራናይቱን በሺህ ዘመናት ሲፈረካክሰው ቀላሉ አፈር በጐርፍ ሄደ፤ ከባዱ የቆርቆሮ ማዕድን በወንዞች ሥርና በባሕሩ ወለል ላይ ተከማቸ። ሰውም ተከትሎት መጣ።

ቀድሞ የመጡት ነጋዴዎች ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሆላንዶችም እንግሊዞችም ፈረንሳዮችም ደሴቲቱን ያንዣብቡባት ነበር፤ በ1685 የሲያም ንጉሥ ናራይ የቆርቆሮ ንግዷን ለፈረንሳዮች ለብቻቸው ሰጣቸው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በሲያም የመንግሥት ግልበጣ ሆነና ተባረሩ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ መሐል ላይ፣ አደባባይ ላይ የቆሙ ሰይፍ የያዙ ሁለት ሴቶች ሐውልት አለ። ጐብኚው ከታክሲው መስኮት አይቶት ያልፋል። ወዲህ ነው ነገሩ። በ1785 የበርማው ንጉሥ ቦዶፓያ ሲያምን በብዙ ግንባር ሲወጋ አንዱ ጦር የመጣው በዚህች ደሴት ላይ ነበር፤ ያኔ ታላንግ ትባላለች። አገረ ገዥዋ ገና መሞቱ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ቻንና እኅቷ ሙክ ሕዝቡን አሰባስበው ከተማዪቱን አንድ ወር ያህል ተከላከሉ። ሠራዊት ብዙ ለማስመሰል ሴቶቹን የወንድ ልብስ አልብሰው በግንቡ ላይ አሰለፏቸው ይባላል። ስንቅ ያለቀበት የበርማ ጦር በመጋቢት ወር ጥሎ ሄደ። ቀዳማዊ ራማም ለሁለቱ እኅትማማች ማዕረግ ሰጣቸው፤ ቻን ታው ቴፕ ክራሳትሪ፣ ሙክ ታው ሲ ሱንቶን ተባሉ።

ሐውልቱ የሚነግረን እስከዚህ ድረስ ነው። ከሐውልቱ ይልቅ እኛን የገረመን ግን የቀጠለው ነው። ወይዘሮ ቻን ለእንግሊዛዊው ነጋዴ ለፍራንሲስ ላይት (በ1786 ፔናንግን ለእንግሊዞች የያዘው እሱ ነው) የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ተርፈው ለንደን ይገኛሉ። ምን ይላሉ? ስለ ድል አንድም ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ መራቡን፣ እሷም ወደ ታኩዋ ፓ ተሻግራ ቆርቆሮ እያስቆፈረች መሆኗን፣ ባገኘችው ጥቂት ቆርቆሮ ሩዝ ለመግዛት መቸገሯን ትገልጻለች። አገር ያዳነች ሴት ሩዝ በዱቤ ትጠይቃለች! የታላንግ ሰው ቆርቆሮ አይበላ፤ ሩዙ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም ነጋዴው ነው። በ1810 በርማዎች ተመልሰው መጡ፤ ያን ጊዜ ታላንግን አቃጥለው አፈራረሷት።

ደሴቲቱ እንደገና ሰው የሞላባት በቻይናውያን ነው። ከፉጂያን ጠረፍ የመጡ ሆኪየን የሚባሉ ድሆች በሺህ በሺህ እየሆኑ በካቱ ሸለቆና በደቡብ በኩል ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ጉንጭ የሚወጋበት በዓል የእነሱ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት በ1825 ለቆፋሪዎቹ ሊጫወት ወደ ካቱ የመጣ የቻይና ቲያትር ቡድን በትኩሳት ተያዘ፤ ሥጋ መብላት ትተው ለዘጠኙ ነገሥታት አማልክት ቢጸልዩ ዳኑ። እነሆ እስከ ዛሬ በቻይናውያን ዘጠነኛ የጨረቃ ወር ዘጠኝ ቀን ይጾማል፤ መንፈስ የወረደባቸው ሰዎች ጉንጫቸውን ወግተው በከተማው ይዞራሉ። ፎቶግራፍ አንሺው የሚሻማው ለብረቱ ነው። በዓሉ ግን የተወለደው በጫካ ትኩሳት ከሚረግፍ ሠራተኛ መካከል ነው፤ ሐኪም በሌለበት አገር ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

ዋት ቻሎንግም የሚታወቀው በዚሁ በቆርቆሮው ሰበብ ነው። በ1876 የቻይና ቆፋሪዎች በማኅበሮቻቸው ተደራጅተው ዐመፁ፤ የመንደሩ ሰው ሲሸሽ የገዳሙ አለቃ ሉዋንግ ፖ ቼም አልሄድም አሉ። ሰዉም በዙሪያቸው ተሰብስቦ ተዋጋ። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ማዕረግ ሰጣቸው። ዛሬ ምስላቸው ላይ የወርቅ ቅጠል ከሚለጥፉት ምእመናን መካከል የእነዚያው የቻይናውያን የልጅ ልጆች አሉበት።

በአሮጌው ከተማ ያሉት ቤቶች ደግሞ የሀብታሞቹ ናቸው። «ሲኖ ፖርቱጊዝ» ይሏቸዋል፤ ፖርቱጋሎች ግን እንኳን ሊሠሯቸው አላዩዋቸውም ማለት ይቀላል፤ አሠራሩ በፔናንግ በኩል የመጣ ነው። ፊታቸው ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ግን ረጅም ናቸው፤ መሐላቸው ለብርሃንና ለዝናብ ክፍት ነው። ከዋና ዋናዎቹ ጐዳናዎች አንዱ ዲቡክ ይባላል። ዲቡክ በታይኛ ቆርቆሮ ማለት ነው። የፉኬት ከተማ ምስጢሯን በመንገድ ታርጋ ላይ ጽፋ ሰቅላዋለች።

የሰው ጉልበት የማይደርስበትን ደግሞ መኪና ወረሰው። ከቻይናዊ ቤተሰብ የተወለደው ሹም ካው ሲም ቢ የፉኬት አውራጃዎች የበላይ በነበረበት ዘመን፣ በ1906 ኤድዋርድ ማይልስ የተባለ ከአውስትራሊያ የመጣ ካፒቴን ቶንግካ ሐርበር የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት የባሕር ወለል እየዛቀ ቆርቆሮ የሚያወጣ መርከብ ሥራ ጀመረ፤ በባሕር ላይ ከሠሩት በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። የመታሰቢያው ሐውልት ሳፓን ሂን በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ አለ።

አሁን ለእኛ ቢጤ ለተማሪዎች ቀረብ ወደሚል ምዕራፍ እንለፍ። በጥቅምት 1973 የታይላንድ ተማሪዎች ወታደራዊውን አገዛዝ ከጣሉ በኋላ ጥያቄያቸው ወደ ማዕድኑም ዞረ። ቴምኮ የሚባል የውጭ ካፒታል ያለበት ኩባንያ የአንዳማንን ባሕር ቆርቆሮ እንዴት ያለ ውል ተዋውሎ ነው የሚያወጣው ብለው ሰልፍ ወጡ፤ በ1975 መንግሥት ፈቃዱን ሰረዘ። ይህን ከተማሪ ትግል ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው አይቈጥረውም፤ መቈጠር አለበት እንላለን።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት የሆነ ነው። በጥቅምት 1985 የዓለም የቆርቆሮ ምክር ቤት ገንዘቡ አልቆ ወደቀ፤ ዋጋውም ተንኮታኰተ። የፉኬት ሰው ግን ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ቆርቆሮ ሲቀልጥ የሚጣለው ዝቃጭ በውስጡ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈለግ ታንታለም የሚባል ብረት እንዳለው ታውቆ ፋብሪካ ተሠርቷል። ሥራው ኃይለኛ አሲድ ይጠይቃል፤ ሕዝቡ አየራችንና ውሃችን ይመረዛል አለ። ሰኔ 23 ቀን 1986 በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው አደባባይ ወጣ፤ ፋብሪካውም ሊከፈት ሲል ተቃጠለ። የሆቴል ባለቤቶች እጅ ነበረበት የሚሉ አሉ። ሊኖርበት ይችላል፤ አሲዱን የፈራው ግን ሆቴል ያለው ሰው ብቻ አልነበረም። ፋብሪካው በኋላ ራዮንግ ክፍለ ሀገር ማፕ ታ ፑት ላይ ተሠራ። መርዙ አልጠፋም፤ አድራሻ ለወጠ እንጂ።

በማግሥቱ ዓመት በ1987 ባንግ ታው ላይ የመጀመሪያው የላጉና ሆቴል ተከፈተ። ጐብኚው በጀልባ የሚንሸራሸርባቸው እነዚያ ውብ ኩሬዎች የተተዉ የቆርቆሮ ጉድጓዶች ናቸው።

እንዲህ ሆኖ ደሴቲቱ ከአንድ ሸቀጥ ወደ ሌላ አንድ ሸቀጥ ተዛወረች። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱናሚው ምዕራባዊውን ጠረፍ ሲመታ በፉኬት ብቻ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ሆቴሎቹ ግን ብዙም ሳይቈዩ ተመለሱ። በኮሮና ዘመን ጐብኚ ሲጠፋ ሆቴሉም ጀልባውም ታክሲውም አብሮ ቆመ፤ መንግሥት ሐምሌ 1 ቀን 2021 ከሌላው አገር አስቀድሞ ፉኬትን ለተከተቡ የውጭ እንግዶች የከፈተው ሌላ የምትበላው ስለሌላት ነው።

ከቆርቆሮውም ከሆቴሉም በፊት የነበሩ ሰዎች አሉ፤ ኡራክ ላዎይ የሚባሉት የባሕር ሰዎች። ከመንደሮቻቸው አንዱ በደቡብ ጫፍ ራዋይ ላይ ነው። ባሕሩ የማንም ነው፤ የመሬት ወረቀት ለእነሱ ምናቸው ነው? የባሕር ዳር መሬት ዋጋ ሲሰቀል ግን ወረቀት የያዘ ሰው መጣ። በጥር 2016 ወደ ባሕሩና ወደ ጸሎት ቦታቸው በሚወስደው መንገድ ምክንያት አንድ ኩባንያ ካሰማራቸው ሰዎች ጋር ተጋጩ። በመሬቱ ክርክር ላይ ነዋሪ መሆናቸውን ለማስረዳት የቀረበው ማስረጃ ከአፈር የወጣ የአያቶቻቸው ዐፅምና ንጉሥ ቡሚቦል በ1959 መንደሩን ሲጐበኙ የተነሣ ምስል ነበር። ዛሬ ራዋይ የሚሄድ ጐብኚ ከመንደሩ ሰዎች ትኩስ ዓሣ በኪሎ ይገዛል፤ ከዚያም መንገዱን ይሻገርና ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት አስጠብሶ ይበላል።