ባሕር ዛፍ በተወለደበት አገር
የኮአላና የአውስትራልያ ደን ታሪክ

ከትምህርት ቤታችን ግቢ በስተጀርባ የቆመውን ባሕር ዛፍ የማያውቅ ተማሪ የለም። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን እንታጠንበታለን፤ ቤት ሲሠራ አጠናውና ማገሩ እርሱ ነው፤ የደረቀው ቅጠል ከእንጀራ ምጣድ ሥር ይነድዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት በተቸገረች ጊዜ ዘሩ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ተምረናል። ዳሩ ግን ዛፉ በተወለደበት አገር ማን እንደሚኖርበት ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነውም ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአውስትራልያ ከ700 የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ዓይነት ሲኖር፥ ኮአላ የሚባለው እንስሳ ኑሮው በእነዚሁ ዛፎች ላይ ነው። ብዙ ሰው ድብ ይለዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ እንደ ካንጋሮ ልጁን በሆዱ ከረጢት የሚያሳድግ ነውና። ምግቡ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ያውም ከሁሉም ዓይነት ሳይሆን ከመረጣቸው ከጥቂቶቹ። ቅጠሉ ለብዙ እንስሳት መርዝ ከመሆኑም በላይ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ስለሆነ፥ ኮአላ ከ24 ሰዓት ውስጥ 20 ያህሉን በእንቅልፍ ያሳልፋል። አንዳንድ የክፍላችን ልጆች በዚህ ቀንተውበታል።

የፊተኛው መከራው የመጣው በቆዳው ምክንያት ነው። በ1927 በኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር አደን በተፈቀደበት በነሐሴ ወር ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮአላ ተገደለ፤ ሕዝቡም እጅግ ተቆጣ። በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ደግሞ ከመጥፋት የዳነው፥ ጥቂቶቹ አስቀድመው ፍሬንች ወደምትባል ደሴት ተወስደው ስለ ነበር፥ ኋላም ከዚያ የተወለዱት ወደ ዋናው ምድር ስለ ተመለሱ ነው። ቆዳውን መሸጥ ቀረ፤ ለበግና ለስንዴ ሲባል ደኑን መመንጠር ግን አልቀረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ቪክቶሪያ፥ ቀድሞ ደን በነበረውና ኋላ የበግ ግጦሽ በሆነው ምድር፥ ባሕር ዛፍ እንደ እህል በመስመር ይተከል ጀመር። ዓይነቱ አዲስ አበባን የሸፈነው ያው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። መንግሥት የግብር ቅናሽ ስለ ሰጠ የከተማ ሰዎች ገንዘባቸውን አፈሰሱበት፤ በ2009 ታላላቆቹ ኩባንያዎች ከሠሩ። ዛፉ ግን ማደጉን አላቆመም። ኮአላም ከቀረው ደን እየወጣ ገባበት፥ ወለደበት፥ በዛበት። የባለቤቱንና የዱሩን ወሰን ማን ይንገረው?

ዛፉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲሞላው ይቆረጣል፤ በመኪና ተሰነጣጥቆም ለወረቀት ሥራ ከፖርትላንድ ወደብ ወደ ጃፓንና ወደ ቻይና ይጫናል። ኮአላ ሲደነግጥ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወርዶ አይሮጥም፤ መቁረጫው መኪና ደግሞ ግንዱን ከሥር ይይዛል። በ2013 አጥንታቸው የተሰበረ ኮአላዎችና እናት የሞተችባቸው ግልገሎች በቴሌቪዥን በታዩ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ። ከቆራጮቹ አስቀድሞ ዛፉን እያንጋጠጠ የሚመረምር ሰው ይላካል፤ ኮአላ የተገኘበትም ዛፍ በዙሪያው ካሉ ጥቂት ዛፎች ጋር እንስሳው እስኪሄድ ይቆያል። ደንቡ መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን በሌሊት ወርዶ ወዴት ይሂድ? የሚያገኘው በመንገድና በወንዝ ዳር የቀረውን ጥቂት አገር በቀል ዛፍ ነው፤ እዚያም ሌሎች ቀድመውታል። ኮአላ ከዛፉ በላይ ሲበዛ ምን እንደሚሆን፥ ከእርሻው ርቆ ባለው በኬፕ ኦትዌይ ታይቷል። ቅጠሉን ጨርሰው ዛፎቹን ስላደረቁ፥ በ2013 እና በ2014 በረኃብ የተጎዱ 686 ኮአላዎች በሐኪም እጅ እንዲሞቱ ተደረገ።

በሌላው ወገን ግን ኮአላ ጥቂት ነው። በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ጋር የተቈጠረው በ2022 ነው። ቪክቶሪያ አገር በቀሉን የመንግሥት ደን ለእንጨት ንግድ መቁረጥን ከ2024 መግቢያ ጀምሮ አቁማለች።

በክፍላችን ያከራከረን ይህ ነው። ከፊላችን፥ «የተተከለው ካልተቆረጠ መጥረቢያው ወደ ዱሩ ይመለሳል» አልን። ከፊላችን ደግሞ፥ «ቤት አሳይቶ መልሶ ማፍረስ ግፍ ነው» አልን። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ክርክሩ በደወል ተቋረጠ። ከክፍል ስንወጣ ብዙዎቻችን ሳንነጋገር ወደ ግቢያችን ባሕር ዛፍ አንጋጠጥን፤ ከላይ የነበረው አንድ ቁራ ብቻ ነው።