ታ ላኻጽ፦ የግፊት ክፍሉ ታሪክ

ከአሽዶድ፣ ከሮቫ አሌፍ ነው የማወራችሁ። አያቴ ስኳር አለባቸው። ከኢትዮጵያ ስንመጣ ስኳር በመካከላችን ብርቅ ነበር፤ የበዛው እዚህ ነው። የእግራቸው ቁስል ለወራት አልድን ሲል ሐኪሙ «ታ ላኻጽ» አለ፤ አስተርጓሚው እንደተለመደው እኔ ነኝ። «ግፊት ያለው ክፍል ነው» አልኳቸው። «ግፊትማ አለብኝ፣ ሌላ ግፊት ምን ያደርግልኛል?» አሉ። መልስ ስላጣሁ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ከኦክስጅንም ይቀድማል። እንግሊዛዊው ናትናኤል ሄንሾ በ1662 በወናፍ አየር የሚታመቅበት የሕክምና ክፍል ሲያስብ (አዎ፣ ወናፍ፣ አያቶቻችን ብረት ሲሠሩ የሚነፉበት ዓይነት) ኦክስጅን ገና አልታወቀም፤ ፕሪስትሊ ያገኘው በ1774 ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ካኒንግሃም ነው። በ1928 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ባለ አምስት ፎቅ የብረት ኳስ አሠራ። ስኳርን፣ ቂጥኝን፣ ካንሰርን በታመቀ አየር እፈውሳለሁ አለ! የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ማስረጃ ቢጠይቀው የሚያሳምን ነገር አላቀረበም። ኳሱ በኋላ በጦርነቱ ጊዜ ለብረቱ ሲባል ፈረሰ።

ሳይንሱ መልክ የያዘው በ1960 አካባቢ አምስተርዳም ውስጥ ነው። ቡሬማ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የአሳማዎችን ቀይ የደም ሕዋስ ከሞላ ጎደል አውጥቶ በ3 እጥፍ የአየር ግፊት ኦክስጅን ሰጣቸው፤ አልሞቱም። ጋዝ ሶዳ ውስጥ ታምቆ እንደሚሟሟ ሁሉ፣ ኦክስጅኑም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ሟሟ። ደም በደንብ የማይደርስበትን የስኳር ቁስል የሚረዳውም በዚሁ መንገድ ነው። በዝግ ቤት ቡና ስናፈላ የከሰል ጋዝ ቢመርዘንም እንደዚሁ፦ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደም በግማሽ እስኪቀንስ በተራ አየር 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በክፍሉ ውስጥ ግን 20 ደቂቃ ገደማ።

በ2020 ደግሞ ከእኛ ሩቅ ባልሆነው በሻሚር ሆስፒታል፣ በድሮው አሳፍ ሀሮፌ፣ ዕድሜያቸው 64 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 35 ሰዎች 60 ጊዜ ክፍሉ ገቡ፤ የክሮሞዞማቸው ጫፍ ረዘመ ተባለ። ወሬው «እርጅና ተመለሰ» ሆኖ ዞረ። ጥናቱ ግን ክፍሉ ያልገባ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ይህን ያወቅኩት አንዲት ጎረቤታችን የ«ወጣትነት» ማስታወቂያ ለአያቴ ካሳየቻቸው በኋላ ነው። «ለዕድሜዬ ሳይሆን ለእግሬ ነው የምገባው» አሏት።

ገቡም። ስኳሩን መቆጣጠሩ፣ ቁስሉን ማጠቡ አልቀረም። ሲወጡ ጆሯቸውን ይዘው «እንደዚያን ቀን አውሮፕላን ይደፍናል» አሉ።