ሁለቱ ካሳዎችና የተጠቃሚ ስም

በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያን ዘውድ ከደፉት ነገሥታት ሁለቱ የትውልድ ስማቸው አንድ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ካሳ ኃይሉ፥ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ ካሳ ምርጫ ይባሉ ነበር። ሆኖም «አባ ታጠቅ» ሲባል ቴዎድሮስ፥ «አባ በዝብዝ» ሲባል ዮሐንስ መሆናቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ የፈረስ ስም የጀግንነት መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ሰውን ከሞክሼው የሚለይ ምልክትም ነበር ማለት ነው።

ኮምፒዩተርም ከዚሁ ጉዳይ ላይ ደርሷል። መሣሪያው በየተራ አንድ ሰው ብቻ ሲያገለግል ሳለ ስም መጠየቅ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንዱ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበትን ሥርዓት ባሳዩ ጊዜ ግን፥ የአንዱን ሰው መዝገብ ከሌላው መለየት ግድ ሆነ። በዚህም ሥርዓት ተጠቃሚው ስሙን አስታውቆ የምሥጢር ቃል የሚሰጥበት ልማድ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ሬይ ቶምሊንሰን ዛሬ በኢሜይል አድራሻ መካከል የምናያትን ምልክት መርጦ የሰውየውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለየባት።

የተጠቃሚ ስም እንደ ፈረስ ስም በይፋ የሚጠራ ነው፤ ምሥጢሩ ያለው በይለፍ ቃሉ ላይ ነው። ስሙ «እገሌ ነኝ» ይላል፤ የይለፍ ቃሉ ያረጋግጣል። በዩኒክስና እሱን በመሰሉ ሥርዓቶችም ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚይዘው ቁጥርን ነው፤ ስሙ ለሰው ዓይንና ለሰው ትውስታ የተደረገ ነው።

ችግሩ ይህ ሥርዓት ወደ እኛ ሲመጣ የባዕድ አገር አሰያየም ይዞ መምጣቱ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ግን የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ስለዚህ ኃይሉ፥ ሐይሉ፥ ኀይሉና ሀይሉ ለጆሯችን አንድ ሰው ሲሆኑ ለኮምፒዩተር አራት ናቸው። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። የበሽተኛው ስም በካርድ ክፍል ዛሬ በአንዱ፥ ነገ በሌላው ፊደል ቢመዘገብ፥ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው የሕመሙ ታሪክ እኩሌታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የራሱን ልዩ ቁጥር መስጠቱ ከመፍትሔው አንዱ ክፍል ነው። ቀሪው በሙያ ባልደረቦቻችን እጅ ነው። በማራኪ ግቢም ሆነ በሌላ ስፍራ መዝገብ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የአባትን ስም የአባት ስም ብሎ ይመዝግብ፤ ፍለጋውም ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ይቁጠር። ሁለቱን ካሳዎች አባቶቻችን አላምታቷቸውም፤ እኛም አንዱን ኃይሉ አራት ሰው ልናደርገው አይገባም።