በእግር የተሄደ 381 ቀን

የሮዛ ፓርክስን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው በአጭሩ ነው። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ልብስ ሰፊ ከሥራ ስትመለስ ደክሟት አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠች፤ ለነጭ ተነሺ ስትባል እምቢ አለች፤ አገሩም ተለወጠ። ይህ አተራረክ ግን የብዙ ሰዎችን ድካም የሚሸፍን ይመስለኛል።

በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ሒሳብ ይከፍላል፤ ከዚያ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዛል። አንዳንዱ ሾፌር ተሳፋሪው ዞሮ ሳይደርስ ጥሎት ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1955 ክላውዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ አልነሣም ብላ ታሠረች። ያን ጊዜ ከተማው አልተነሣም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ፓርክስ ስትያዝ ግን የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። የኮሌጅ መምህርቷ ጆ አን ሮቢንሰን ከባልደረቦቿ ጋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጥሪ ወረቀት ስታባዛ አደረች። ሰኞ ዲሴምበር 5 ቀን አውቶቡሶቹ ባዶ ሊባሉ በሚችሉበት ሁኔታ ዋሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የጥያቄያቸው ልክ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት መለያየቱ ጨርሶ ይቅር ብለው አልነበረም፤ ሾፌሮች በክብር ያናግሩን፣ ቀድሞ የተቀመጠ አይነሣ፣ በጥቁሮች ሠፈር ጥቁር ሾፌር ይቀጠር ነበር ያሉት። ሹማምንቱ ይህንኑ ትንሽ ነገር ስለከለከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

እስከዚያው 300 ያህል መኪናዎች በተራ ሰው አመላለሱ፤ ምግብ አብሳዮችና ልብስ አጣቢዎች በእግራቸው ሄዱ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 በወጣቱ ሰባኪ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ቦምብ ሲፈነዳ፣ የተቆጣው ሕዝብ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ኪንግ ግን ወደየቤታችሁ ግቡ ብሎ መለሰው።

በኖቬምበር 13 ቀን 1956 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ውስጥ በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ከአራቱ ከሳሾች አንዷ ያቺው ኮልቪን ነበረች፤ ፓርክስ ከሳሽ አልነበረችም። ጥቁሮቹ በዲሴምበር 21 ቀን እንደገና ተሳፈሩ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ድሩን የፈተሉትን ግን ቶሎ እንረሳለን። የኮልቪን የክስ መዝገብ የተሠረዘው ከ66 ዓመት በኋላ፣ በ2021 ነው።