ማግኔትና የልብ ምት መሣሪያ፤ የአንድ ክልከላ ታሪክ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፤ ፔስሜከር የተባለው የልብ ምት መሣሪያ በሰውነቱ የተቀበረለት በሽተኛ በኤም አር አይ እንዳይመረመር ስለ ምን እንደ ተከለከለ፤ ክልከላውስ በምን ማስረጃ እንደ ላላ ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦክቶበር 8 ቀን 1958 በስዊድን አገር፤ በካሮሊንስካ ሆስፒታል፤ ኦኬ ሴኒንግ የተባለው ሐኪም ሩኔ ኤልምክቪስት የሠራውን ፔስሜከር በ43 ዓመቱ በአርኔ ላርሶን ሰውነት ውስጥ ቀበረ። የፊተኛው መሣሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥራውን አቆመ። ላርሶን ግን መሣሪያው በየጊዜው እየተለወጠለት እስከ 2001 ድረስ ኖረ።

ኤም አር አይ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። በ1973 ፖል ላውተርበር በማግኔት ምስል ማንሣት እንደሚቻል በጽሑፍ ገለጠ፤ በ1977 ሬይመንድ ዳማዲያን የሰውን ደረት ምስል አነሣ። አዲሱ ምርመራ ያለ ኤክስሬይ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን አጥርቶ ስለሚያሳይ በ1980ዎቹ ዓመታት ተስፋፋ።

የሁለቱ መገናኘት ግን ሦስት አደጋ ነበረው። አንደኛ፤ የተለመደው 1.5 ቴስላ ማግኔት ከምድር ማግኔት ከ20,000 ጊዜ በላይ ስለሚበረታ፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ብረት ሊስብና አሠራሩን ሊለውጥ ይችላል። ሁለተኛ፤ ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ የራዲዮውን ሞገድ እንደ አንቴና ተቀብሎ ጫፉ ሊግልና የልብን ሥጋ ሊጎዳ ይችላል። ሦስተኛ፤ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው ማግኔት ኤሌክትሪክ ሲፈጥር፤ መሣሪያው ልብ ራሱ የመታ መስሎት ዝም ሊል ይችላል። ልቡ በመሣሪያው ብቻ ለሚመታ ሰው ይህ ዝምታ ሞት ነው። በእርግጥም ያለ ክትትል በተመረመሩ ጥቂት በሽተኞች ላይ ሞት መድረሱ ተጽፏል። ስለዚህ ምርመራው ተከለከለ።

ይሁን እንጂ ክልከላውም የራሱ ጉዳት ነበረው። ፔስሜከር የሚያስፈልጋቸው አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የአንጎል ደም መፍሰስ፤ ዕጢና የአከርካሪ ሕመም የሚበዛውም በዚሁ ዕድሜ ነው። በምርመራ የሞተ ሰው በመዝገብ ይጻፋል፤ ሳይመረመር ቀርቶ ዕጢው ያልታወቀለት ግን በክልከላው ተጎዳ ተብሎ አይቆጠርም።

በ2011 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በተወሰነ ሁኔታ ኤም አር አይ የሚችል ፔስሜከር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። ይህም አሮጌው መሣሪያ ለነበራቸው አልጠቀመም። ለእነዚህ መልስ የሰጡት በ1.5 ቴስላ ማግኔት ተካሂደው በ2017 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ናቸው። ማግናሴፍ የተባለው፤ ከደረት በቀር ሌላውን አካል ለመመርመር የተደረጉ 1,000 የፔስሜከርና 500 የዲፊብሪሌተር ምርመራዎችን መዘገበ። በምርመራው ጊዜ የሞተ ሰው አልነበረም፤ አስቀድሞ በደንቡ ያልተስተካከለ አንድ ዲፊብሪሌተር ግን መለወጥ አስፈለገው። በጆንስ ሆፕኪንስ የተደረገው ጥናት ደግሞ በ1,509 ሰዎች 2,103 ምርመራዎችን ተከታተለ። በ9 ምርመራዎች መሣሪያው ወደ መጠባበቂያ አሠራሩ ተመለሰ፤ በበሽተኞቹ ላይ ግን የቆየ ከባድ ጉዳት አልታየም።

ይህ ውጤት የተገኘው በጥንቃቄ ነው፤ መሣሪያው አስቀድሞ ይስተካከላል፤ የልብ ምት በምርመራው ጊዜ ሁሉ ይጠበቃል፤ በመጨረሻም መሣሪያው እንደ ገና ይፈተሻል። የተሰበረ ወይም ያለ ሥራ የቀረ ሽቦ ያለበት ሰው ዛሬም ለብቻው መታየት ይገባዋል።

እንግዲህ ፊተኞቹ ሐኪሞች በከለከሉ ጊዜ አልተሳሳቱም፤ በእጃቸው የነበረው ማስረጃ ይኸው ነበርና። ስሕተት የሚሆነው ማስረጃው ከተለወጠ በኋላ በሽተኛውን በአሮጌው ደንብ ከበር መመለስ ነው።